ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም ያለው ማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስለማብቃቱ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ከኔ በፊት ያነበበው ሁሉ ሊንኩን እየላከ «ያንቺ ጉዳይ ወጥቷል» ሲለኝ ነው የዋለው። የኔ ጉዳይስ አልወጣም። የወጣችው «ነፃው ሊኑክስ አማራጭ ቢሆንም አማርኛ ስለማይጽፍ ለክልል ከተሞች ተጠቃሚዎች አይመከርም» የምትል፣ ባለሙያችሁ የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። (ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሲስተም ነው።) ሌላውን ሁሉ ልተወው፤ እሷን ግን አልተዋትም።

ድሬዳዋ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ የክስ አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ ሪሰርች፣ ሁሉም በእጃችን ያልፋል። አብዛኛው በአማርኛ ነው። ኮምፒውተሮቼ ላይ ያለው ደግሞ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። እንግዲህ በእናንተ ስሌት ደንበኞቼ ከፍለው ባዶ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ፣ ፍርድ ቤቱም ባዶውን ወረቀት ተቀብሎ መዝገብ ይከፍታል ማለት ነው። ኧረ አቦ!

ቀልዱን ልተወውና፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ዊንዶውስ ላይም፣ ስልክ ላይም፣ ሊኑክስ ላይም ያው ነው። ሚንት ላይ አይባስ የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ከነአማርኛው ጥቅል ትጭናላችሁ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። የሚመታው እንደ ድምፁ ነው። ፎንት ከፈለጋችሁ አቢሲኒካ ኤስአይኤል አለ፣ ኖቶ አለ፣ ሁለቱም በነፃ። ዘጋቢያችሁ በአንድሮይድ ስልኩ ለእናቱ በአማርኛ መልእክት ሲልክስ? የአንድሮይድ ከርነል፣ የሲስተሙ እምብርት ማለቴ ነው፣ እኮ ሊኑክስ ነው። «ኪቦርዱ ለብቻው ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሚንትም ላይ ለብቻው ነው። «አዲሱ ቴክኖሎጂ» ያላችሁት ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው፤ ከኔ ታናሽ ወንድም ይበልጣል።

ታዲያ ባለሙያችሁ ይህን ከየት አመጣው? የሚመስለኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን የእድራችን ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው መጡ። ውስጡ ድሮ የተተየበ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና የፐርሰንት ምልክት ተቀላቅሎ ስክሪኑን ሞላው፤ አንድም «ሀ» የለበትም። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሊኑክስሽ በላው!» አሉኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩና ጎረቤቴ ጋ ወሰድኩት። እሱ ዊንዶውስ 11 የጫነ አዲስ ላፕቶፕ አለው። ከፈተው። ያው ፐርሰንት፣ ያው ቅራቅንቦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት የነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች የኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ያኔ አንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ ደግሞ 256 ብቻ ስለነበረ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ያካፍሉት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ዊንዶውስም ቢሆን አያነበውም። ጋሼን ደንቡን አንድ በአንድ መልሼ ተየብኩላቸው፣ እዚያው «አማርኛ አይጽፍም» በተባለው ኮምፒውተር ላይ። ባለሙያችሁም እንዲህ ዓይነት ፋይል ከፍቶ ጥፋቱን ለሊኑክስ የሰጠ ይመስለኛል። ሳይከፍት ከሆነ የተናገረው ደግሞ ይባስ።

አይሆንም ማለት ከፈለጋችሁ የማይሆነውን እኔን ብትጠይቁ እነግራችሁ ነበር። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም፤ በኒያላ የተሠራ የአስር ገጽ ሪፖርት ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ላይ ሲከፈት አስራ አንድ ገጽ ይሆንና ሠንጠረዡ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አይሠራም፣ ፎቶሾፕም እንዲሁ። ሂሳብ ሠራተኞች ይሄን ሰምተው ቢሸሹ አልፈርድባቸውም። እናንተ ግን ይሄን ሁሉ ትታችሁ የሚሠራውን አይሠራም አላችሁ።

ምክራችሁስ? «አዲስ ኮምፒውተር መግዛት።» እግዜር ይስጥልን! ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። የኔዎቹ 4ኛ ትውልድ ናቸው፣ ታይዋን ሰፈር ዩዝድ የተገዙ። ምንም አልሆኑም፤ ይተይባሉ፣ ያትማሉ፣ የግንቦትን ሙቀት ከኔ በተሻለ ይችላሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ የሚያበቃበት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስለደረሰ ብቻ ልጣላቸው? ደግሞ የሰፈራችን ዊንዶውስ አብዛኛው በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተጫነ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፣ አንድ መስመር ግን አልጻፋችሁበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ወጣ ቢልም። የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይታያል፣ ተማሪው «ሪሰርቼ ጠፋ» ብሎ ሊያለቅስ ይደርሳል። ሚንት ላይ ስንሰካው ፋይሉ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን። ቫይረሱ ዊንዶውስ ላይ እንዳይታይ ደብቆት ነበር እንጂ አላጠፋውም፣ ሊኑክስ ደግሞ ያንን የመደበቂያ ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም። ልጆቹ አሁን «ሊኑክስ ያለበት ቤት» እያሉ እየጠየቁ ይመጣሉ። ይሄም ዜና ነበር፣ የሚጠይቅ ቢገኝ።

ግን ማን ይጠይቀናል? «የክልል ከተሞች» ብላችሁ ስለኛ ጻፋችሁ፤ ያናገራችኋቸው ሰዎች በሙሉ አዲስ አበባ ናቸው። ፎቶው ብቻ የኛው የድሬዳዋው ለገሀር ባቡር ጣቢያ ነው። ስለ ሽንኩርትም ስትጽፉ ያው ጣቢያ ነው፣ ስለ ጎርፍም ያው ጣቢያ። ደግሞ ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር ናት። ይህን ሁሉ በአስተያየት መስጫው በጨዋ ቋንቋ ጽፌ ነበር፤ ማታ ስመለከት የለም። ከሥሩ የነበረው የሎተሪ ማስታወቂያ ግን ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት፣ ማረሚያውንም ዘገባው የወጣበት ቦታ ላይ አውጡት። አላምንሽም ካላችሁ ዘጋቢያችሁን ላኩት፣ የፈለገውን በአማርኛ እተይብለታለሁ፣ ክፍያም አልጠይቀውም። ብቻ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳይመጣ፤ በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ የተከፈተ ሱቅ አያገኝም።

የጽሕፈት ቤት ባለቤት
ከድሬዳዋ