ሞተሯ በሰላም ገብታለች

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ያወራነው እየተቆራረጠ «ደረሰች ወይ?» ከማለት አላለፈም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፍልዎ አልኩ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ሞተር ብስክሌትዎ ከጅማ አዲስ አበባ በሰላም ገብታለች። አሁን በረንዳው ላይ፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ይዛ ቆማለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ስንጭናት በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ፊትዎ ልክ አልነበረም። ምን እንዳስታወሱ አውቃለሁ። ያኔ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ስትላክ በጎኗ አስተኝተው ነው የጫኗት። ቤንዚኗ ፈሶ፣ የባትሪው አሲድ ቀለሟን በልቶ፣ መሪዋ ተጣሞ ተመለሰች። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ግን ንዴትዎን አልረሳውም። በዚህች የማሃ ኤጂ 100 እኮ ጌራ ወረዳ ድረስ፣ ጎማ ወረዳ ድረስ ሄደዋል። በሽታ የሚቋቋመውን የ74110 ቡና ችግኝ ከኋላ መጫኛዋ ላይ አስረው፣ በዚያ ጭቃ። ጡረታ ሲወጡ ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲገዟት ሰፈሩ ለምን እንደተገረመ አይገባኝም ነበር። እርስዎ ግን ለምን እንደገዟት ያውቁ ነበር።

ስለዚህ እንዴት እንዳመጣኋት ልንገርዎ።

ሾፌሩ «በመቆሚያዋ ትቁም፣ እኔ በገመድ እጠፍራታለሁ» ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። አይሱዙው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክብደቷ ሁሉ በዚያች ቀጭን ብረት ላይ ያርፋል። ወይ ብረቷ ትጣመማለች፣ ወይ ሞተሯ ዘንበል ባለች ቁጥር ገመዱ ይላላል። ቀጥ ብላ በሁለት ጎማዋ ነው የቆመችው። የፊት ጎማዋን ከጋቢናው ጀርባ ካለው የመጫኛው ግድግዳ፣ ከስፖንዳው ጋር አስጠጋናት። ጎማው እንዳይዞር ግራና ቀኙን በጣውላ ገድበን ምስማር መታንበት።

ከዚያ አራት ቀበቶ። ገመዱን አላመንኩትም። የናይለን ገመድ ውኃ ሲነካው ይለጠጣል፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። እጀታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲሉት እያጠበቁ የሚሄዱትን ሰፋፊ ቀበቶዎች ከመርካቶ ገዝቼ ነው የመጣሁት። ሁለቱን ከመሪው ሥር ካለው ወፍራም ብረት አሰርኩ። የመሪው ጫፍ ላይ ቢሆን ያጣምመው ነበር። ወደ ፊትና ወደ ጎን እንዲስቡ አድርጌ፣ የፊት ሞላዋ እስከ ግማሽ ድረስ እስኪወርድ አጠበቅኳቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሞላው ካልወረደ መንገዱ ሲያነጥራት ቀበቶው ይላላና መንጠቆው ይወልቃል። እስከ መጨረሻው ከተጫነ ደግሞ ዘይት የሚይዘው ላስቲክ ይጎዳል። የኋላዎቹ ሁለቱ እንዳትወዛወዝ ብቻ ናቸው። ቀበቶው ቀለም በሚነካበት ሁሉ እማማ ከሰጡኝ አሮጌ ጋቢ ቀድጄ ሸጎጥኩበት።

የቤንዚን መዝጊያዋን፣ ሩቢኔቶዋን ዘጋሁ። የቤንዚን መያዣዋ ሰልባትዮ ውስጥ ትንሽ ብቻ ነው የተውኩት፤ የጊቤ ሙቀት ቤንዚን ያስፋፋል። አንደኛ ማርሽ አስገባኋት። መስታወቶቿን ፈትቼ ጋቢና ውስጥ ያዝኳቸው። የጭስ ማውጫዋን የማርሚታውን አፍ በቀይ ጨርቅ ወተፍኩት። ቀይ ያደረግኩት ስደርስ እንዳልረሳው ነው።

ሰርቦ ላይ «አቁምልኝ» አልኩ። ሾፌሩ «ገና ከጅማ መውጣታችን እኮ ነው» አለኝ። ወጥቼ ስነካው የግራው ቀበቶ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላልቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው፣ ቀበቶውም ሞተሯም ቦታቸውን ሲይዙ ይላላል። አጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ራሱ በቆምን ቁጥር እየወጣ ይነካካት ጀመር። መልካም ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን፤ መንገድ ላይ ከሰል አይቶ ሦስት ጆንያ ከጎኗ ሊደረድር ፈለገ። ጆንያ ተንሸራትቶ ቢያርፍባት ቀበቶው ምን ያደርጋል? የከሰሉን ትርፍ ከኪሴ ከፍዬው ተስማማን።

የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ በጋቢናው የኋላ መስኮት ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደፊት ትገፋ ነበር። ጣውላው ያዛት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሙቀቱ ይፋጃል። ወረድኩና ብረቷን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ግን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልንገርዎ። አሰንዳቦ ላይ ማካፋት ሲጀምር ሸራ አልብሻት ነበር። መልካም ያደረግኩ መስሎኝ ነው። ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ገልጬ አየሁ። ነፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው፣ ከሥሩ የገባው አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሰልባትዮውን ፍቆታል። በቀኝ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ደብዝዟል። ምሳው አልበላልህ አለኝ። ዝናብ ቢመታት ይደርቅ ነበር፤ የጎዳት ሸራው ነው። ከወልቂጤ ወዲህ ያለ ሸራ ነው ያመጣኋት። ወሊሶ ላይ ከባድ ዝናብ መታት፣ ምንም አልሆነችም። ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ። ይቅር ይበሉኝ።

ያንን ቀለም አሲዱ ካበላሸው በኋላ በገዛ እጅዎ እንደቀቡት አውቃለሁ። የተረፈ ጣሳ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ካለ ለእህቴ ያሳዩዋትና በሚመጣ ሰው ትላክልኝ። ከሌለም ከምንና ከምን እንደቀላቀሉት ይንገሩኝ። እስከዚያ ማንም አይነካትም፣ ቀቢ ጋም አልወስዳትም። ሊብሬውንም አብራ ትላከው፤ መሳቢያው ውስጥ ነው ብለውኝ ነበር።

ትናንት ቀዩን ጨርቅ አውጥቼ ሩቢኔቶዋን ከፈትኩና አስነሳኋት። በሦስተኛው ምት ተነሳች። ድምጿን ቀድቼ ለእህቴ ስልክ ልኬላታለሁ። ጆሮዎ ሥር አድርጋ ታሰማዎት።

እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ