ጉዳዩ፦ በዛንዚባር ጥቅል ጉዞ ላይ የቀረበ ቅሬታና የተመላሽ ጥያቄ

ለጉዞና አስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

«ስቶን ታውንና የባሕር ዳርቻ» በሚል በሸጣችሁልን ጥቅል ጉዞ ላይ ይህን ቅሬታ በጋራ አቅርበናል። በረራው በሰዓቱ ነበር፤ የሆቴሉ መስተንግዶም የሚወቀስ አይደለም። የምንቃወመው መርሐ ግብሩን ነው። ያዘጋጀው ሰው የዛንዚባርን ባሕር ጠባይ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

መርሐ ግብሩ በእያንዳንዱ የባሕር ዳርቻ ቀን «ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ዋና» ይላል። ማረፊያው በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ ነው፤ የመረጣችሁት ሳምንት ደግሞ ሙሉ ጨረቃ የወጣችበት። በዛንዚባር ጨረቃ ስትሞላም ሆነ አዲስ ስትወለድ ባሕሩ ከወትሮው ይበልጥ ይሸሻል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ውሃው በጣም የሚጎድለውም በእነዚያ ቀናት ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ነው። የፓጄ ዳርቻ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው እስከ ኮራሉ ቋጥኝ ይርቃል። ዋና በተባለበት ሰዓት የነበረው ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ፣ የባሕር አረም የሚታሰርባቸው ችካሎችና ጎንበስ ብለው አረሙን የሚሰበስቡ ሴቶች ነበሩ። ጥልቅ ውሃ ፍለጋ ወደ ውስጥ የሚራመድ ሰው የባሕር ጃርት ይረግጣል፤ እሾሁ ተሰብሮ እግር ውስጥ ይቀራል። የጎማ ጫማ ያዙ የሚል አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም።

ሙላቱ የሚመለሰው በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ለሁሉም ቀን አንድ ዓይነት የዋና ሰዓት መመደብ ከመነሻው አይሆንም። የሙላት ሰንጠረዡ በነፃ ይገኛል። ዋናውን ወደ ከሰዓት ማዞር ይበቃ ነበር፤ አለዚያም ማረፊያውን በሰሜኑ ጫፍ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ማድረግ። እዚያ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ሲጎድልም ይዋኛል።

በአሮጌው የዛንዚባር ከተማ በስቶን ታውን ጉብኝት ቀን ሾፌሩ የመጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቢሮአችሁ «የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው» ብሏል። ልዩነት የለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። እናንተ ግን ጠዋት ይሁን ከሰዓት ሳትሉ በእንግሊዝኛ «4:00» ብላችሁ ላካችሁለት፤ እሱም በእንግሊዝኛው አነበበው። በዚህ ምክንያት፣ እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ድረስ የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ሰዓት ብቻ ደረሰው። የምድር ቤቱን ክፍሎች ለማየት እንኳ አይበቃም።

«ከድንቃድንቅ ቤት ፎቅ ላይ ወደቡን መመልከት» የሚለውማ ጭራሽ አይገባንም። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 እ.ኤ.አ. ያሠሩት ይህ ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2020 በጥገና ላይ እያለ ከፊሉ ተደርምሷል። እናንተ ዛሬም የምትሸጡት ከመደርመሱ በፊት በተነሳ ፎቶ ነው። አጥሩን አይተን ተመለስን። ኦማኖች የፖርቹጋሎች ጸሎት ቤት በነበረበት ላይ የሠሩት አሮጌው ምሽግ እዚያው አጠገቡ ነው፤ በእሱ መተካት ማንንም አያስቸግርም ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ «ሁሉን ያካተተ» ብላችኋል። ዛንዚባር ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ከአዲስ አበባ የገዛችሁልን መድን ይህን አይተካም። እያንዳንዱ ተጓዥ ከኪሱ ከፍሏል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጓዥ 44 ዶላሩና ያልተካሄደው የድንቃድንቅ ቤት ጉብኝት ዋጋ እንዲመለስ፣ ከፓጄ ማረፊያ ክፍያም ግማሹ እንዲቀነስልን እንጠይቃለን። የመድኑን ደረሰኞች፣ የመርሐ ግብሩን ቅጂና የእነዚያን ቀናት የሙላት ሰንጠረዥ አያይዘናል። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጉዞው ተሳታፊዎች