«ቶሎ የማይደፈን ፊልትሮ የላችሁም?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ከገባ ወዲህ አንድ ቅሬታ በተደጋጋሚ ደርሶናል፦ «የሸጣችሁልን የናፍጣ ፊልትሮ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተደፈነ፤ የቀድሞው ግን ወራት ይቆይልን ነበር።» የተደፈነውን በፌስታል ቋጥሮ ይዞልን የመጣም አለ። ለእያንዳንዳችሁ ባንኮኒ ላይ ቆመን በችኮላ ከምንመልስ በጽሑፍ ማስረዳቱ ይሻላል ብለናል።

የመጡልንን ፊልትሮዎች በመጋዝ ቆርጠን ከፈትናቸው። ወረቀታቸው ላይ ያገኘነው እንደ ጠላ አተላ የወፈረ፣ ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ ጥቁር ዝቃጭ ነው። አቧራ እንዲህ አይሆንም። ታንኩ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም፣ ናፍጣውና ውኃው በሚገናኙበት ወለል ላይ ረቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ዝቃጩ የእነሱ ሥራ ነው። አንድ ደንበኛችን የሚያሞግሱትን የቀድሞውን ፊልትሮ ጭምር ስላመጡልን እሱንም ከፈትነው። የወረቀቱ እጥፋት ጥቂት ነው፤ ከቆርቆሮው ክዳን ጋር የተያያዘበት ሙጫም ለቋል። ናፍጣው በወረቀቱ በኩል ሳይሆን በጎን እየሾለከ ወደ ፖምፓው ሲገባ ከርሟል ማለት ነው። የተቀደደ ወንፊት መቼም አይደፈንም።

የድሮዎቹ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ ሞተሮች እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ለጊዜው ይታገሡ ነበር። ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍል የጋራ ቧንቧ) ያላቸው የአሁኖቹ ግን ናፍጣውን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ በሚረጨው ኢንጀክተር ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተትም ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ዓይን የማያየው 5 ማይክሮን የሆነ ብናኝ በዚያ ክፍተት ሲያልፍ ብረቱን እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርደዋል።

እንግዲህ ካርቶኑ ላይ «5 ማይክሮን» የሚል ስታዩ ወዲያው አትመኑ። የዚያን መጠን ብናኝ ከመቶ ስንቱን ያስቀራል? ብላችሁ ጠይቁ። ደህና አምራቾች ይህን «ቤታ» በሚባል ቁጥር ይገልጹታል። ቤታ 2 ከሆነ ከሚመጣው ብናኝ ግማሹ ያልፋል፤ 75 ከሆነ 98.7 በመቶው ይያዛል፤ 200 ከሆነ ደግሞ 99.5 በመቶው። ሦስቱም ካርቶን ላይ ያው «5 ማይክሮን» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ! ይህን ቁጥር ከአቅራቢው ያላገኘንለትን የናፍጣ ፊልትሮ ለኮመን ሬይል ሞተር አንሸጥም።

የሞተር ዘይት ፊልትሮ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ እዚያ «በጣም የረቀቀው ይሻላል» ማለት ያሳስታል። ዘይት በብርድ ጠዋት ይወፍራል። ወረቀቱ ማሳለፍ ሲያቅተው ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ፊልትሮው ውስጥ ያለች ማለፊያ ቫልቭ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። የምትከፈትበት ግፊት ከሞተሩ ጋር ካልተስማማ የቆሸሸ ዘይት ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። እኛም በዚህ ተሳስተናል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛችን ጄኔሬተር ጥርሱ ስለገጠመና ጎማው ልክ ስለሆነ ብቻ የዘይት ፊልትሮ ሰጥተን፣ ቫልቩ ለሌላ ሞተር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ሳይጎዳ ደርሰንበት ለወጥነው። ከዚያ ወዲህ የሞተሩን ሞዴል ሳንጠይቅ አንሸጥም፤ ጥያቄው ለሰለቻችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ መጠየቃችን ግን ይቀጥላል።

ጠዋት ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች የሚያንኳኳባችሁም ፊልትሮውን መርምሩት። ዘይቱ ሌሊት ወደ ታች ተመልሶ እንዳይወርድ የምታግደው ጎማ ስትደርቅ ይህ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ በዘይቱ ላይ ይላከካል። አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ ደግሞ ሳታስከፍቱ አትጣሉት። ወረቀቱ ላይ የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ከታየ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ልስልስ ብረት) መበላት ጀምሯል።

ወደ ውኃው እንመለስ። ከሞቃታማው የጋላፊ (የጅቡቲ) መስመር በግማሽ ታንክ የተመለሰ መኪና ደጋ ላይ ሲያድር፣ በባዶው ቦታ ያለው እርጥብ አየር ይቀዘቅዝና ውኃ ሆኖ ይወርዳል። የሚቻል ከሆነ ማታ ሞልታችሁ አሳድሩ። ውኃ መለያውን በየጠዋቱ ሞተር ሳይነሣ ከሥር ፈታ አድርጋችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ አፍስሱት። የማደያው ሰልፍ አስመርሯችሁ በጀሪካን ከገዛችሁም አሳድራችሁ አስረጉትና የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል አትገልብጡ። አዲስ የናፍጣ ፊልትሮ ስትገጥሙ ያልተጣራ ናፍጣ በመካከለኛው ቀዳዳ አትሙሉ፤ እሱ የተጣራው የሚወጣበት ስለሆነ ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ ኢንጀክተር መላክ ይሆናል። በእጅ ፓምፑ ሙሉት። የተደፈነውን በኮምፕረሰር ነፍቶ መመለስ ወረቀቱን ይቀደዋል።

በሁለት ሳምንት የተደፈነ ፊልትሮ ያላችሁ አሁንም አምጡልን፤ ዓይናችሁ እያየ እንከፍተዋለን። የአሠራር ጉድለት ካገኘንበት ያለ ክፍያ እንለውጣለን። አተላ ካገኘንበት ግን ሌላ ፊልትሮ ከመግዛታችሁ በፊት ታንኩን አስፈትታችሁ አሳጥቡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሽያጭና የመለዋወጫ ክፍል