የሰው ፎቶ ከእጅሽ አይውጣ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ «ዩኒት ሊደሩ ወላጅ አምጪ ብሏታል» ስትለኝ የታመምሽ መስሎኝ ደነገጥሁ። ነገሩን ስታስረዳኝ ደግሞ እግሬ ከዳኝ።

ልጅቷ ዴስክ ላይ እንቅልፍ ጥሏት፣ ሶሉ የለቀቀ ጫማዋ በክር እንደታሰረ፣ ፎቶ አንስተሽ ለክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የላክሽው አንቺ ነሽ? ስልኩን የገዛሁልሽ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራን የቤት ሥራ በቴሌግራም ስለሚልኩ ነበር። የዕቁብ ብር እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ከእጅሽ አይውጣ!

«አጥፍቼዋለሁ» ብለሻታል አሉ። ከግሩፑስ ጠፋ፤ በየስልካቸው ያስቀሩትን ማን ያጠፋዋል? ወንድምሽ 12ኛ ክፍል በነበረበት በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ የአገሩ ተማሪ ሁሉ ፈተና የተሰረዘበትን ቀን ስንት ጊዜ አውርቶልሻል። አንዴ የወጣውን ማን መለሰው?

ለማንም ያልነገርሁት አለ። ደሴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ዴስክ የምንጋራ ልጅ ነበረች። እናቷ ጠላ ጠምቀው ነው የሚያሳድጓት፤ ልብሷ ጌሾ ጌሾ ይላል። አንድ ቀን ክፍሉን ላስቅ ብዬ ስሟን «ጌሾ» ከሚል ቃል ጋር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። መምህሩ በዳስተር አጠፉት። እሷ ግን በጋዜጣ የተለበዱ ደብተሮቿን ሰብስባ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ይቅርታ ልጠይቃት ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስሁ። እስከ ዛሬ ድፍድፍ በሸተተኝ ቁጥር ከበሩ ስትወጣ ጀርባዋ ይታየኛል። ማንኳኳት ነበረብኝ።

አንቺ ክፉ ልጅ አይደለሽም። የታመምሁ ጊዜ ገንፎውን እፍ እያልሽ ያጎረስሽኝ ልጅ ነሽ። ግን ስሚኝ፤ የሰው ፎቶ ከእጅሽ አይውጣ። ሌላው የላከውንም አታስተላልፊ።

ስልኩን ዛሬውኑ ለአክስትሽ ስጫት። ከዚያ በፊት ቴሌግራምሽን ከፍተሽ የማታውቂው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳያስገባሽ አድርጊ፤ ስልክ ቁጥርሽም ለማንም አይታይ። የቤት ሥራ ሲላክ አክስትሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ገልብጪ።

ዓርብ ማታ እደርሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ቤት አብረን እንሄዳለን፤ እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ፣ በሩን የምታንኳኪው ግን አንቺ ነሽ። የደንብ ልብስሽ ጠርዝ ተተርትሯል አሉኝ፤ መርፌና ክር ይዤ እመጣለሁ።

እናትሽ