ቀለም ቀቢው ሠራተኛችን ነው ወይስ ተቋራጭ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በባሕር ዳር በቤት ማጠናቀቂያ ሥራ የተሰማራው ድርጅታችን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ «ለሠራተኛ ጉዳት ዋስትና» የሚል ወጪ በመጨመሩ፣ ከአባይ ማዶም ከሽምብጥም ብዙዎቻችሁ ምክንያቱን ጠይቃችሁናል። አንዳንዶቻችሁም እንድንቀንሰው አሳስባችሁናል። የማንቀንስበትን ምክንያት በዝርዝር ማስረዳት ይገባናል።

ቀደም ሲል ቀለም ቀቢውንና ለሳኙን በቁርጥ ዋጋ እያሠራን «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው ራሴ ነኝ» የሚል ወረቀት እናስፈርም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀለም ቀቢ ዝናብ ካረጠበው መወጣጫ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ያንን ወረቀት አውጥተን አነበብነው፤ አፈርንም። ቀለሙን የገዛነው፣ መወጣጫውን ያቆምነው፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን የወሰንነው፣ ዛሬ ሳሎኑን ነገ በረንዳውን እያልን ያዘዝነው እኛው ነበርን። የሕክምናውን ወጪና ያልሠራበትን ጊዜ ደመወዝ ከፍለን ወረቀቱን ቀደድነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ተመሥርቷል የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ሲሆን፣ ሥራው በጊዜ ይለካ በቁርጥ ለውጥ የለውም። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ግን አዋጁ አይመለከተውም፤ እንዲህ ያለው ተቋራጭ የሚተዳደረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በራሱ ወርክሾፕ በር ሠርቶ፣ በራሱ መሣሪያ ገጥሞ የሚሄድ ብረት በያጅ ተቋራጭ ነው። አብሮት የመጣው ረዳት ግን የበያጁ ሠራተኛ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ከሠራ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ከሕክምናው ሌላ፣ ሥራ መሥራት ላልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለሚከተሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በጡረታም በኢንሹራንስም ያልተሸፈነ ሰው ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የአሠሪው ዕዳ የ5 ዓመት ደመወዝ ነው። ተቋራጩ ከዚህ አንዱንም በአዋጁ መሠረት አያገኝም፤ ካሳ ቢፈልግ የሌላውን ጥፋት ወይም ሌላ የሕግ ምክንያት በፍርድ ቤት ማስረዳት ይኖርበታል። አዋጁ ከሚሰጠው መብት ያነሰ ውል ዋጋ ስለሌለው፣ ሠራተኛን «ተቋራጭ» ብሎ ማስፈረም አሠሪውን ነጻ አያወጣውም።

ስለዚህ ቀቢዎቻችንንና ለሳኞቻችንን በጽሑፍ ውል ቀጥረናል፤ ኢንሹራንስም ገብተንላቸዋል። እናንተን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከውሉ ውጭ የሚሠራ ነገር ሲኖራችሁ ለሠራተኛው ለብቻው ሳይሆን ለእኛ ንገሩን። «እግረ መንገድህን ጣሪያውንም እይልኝ» ተብሎ የወጣ ሰው ቢወድቅ፣ በዚያች ሰዓት አሠሪው ማን እንደነበር እኛና እናንተ ስንከራከር እሱ ያለ ሕክምና ገንዘብ ይተኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር