ከሦስቱ የቱ ይሻልሃል?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፦

እንደምን ከረምክ? ዝምታዬ ስለበዛ ይቅር በለኝ። ዓሣና ሰላጣ በአንድ ውሃ ለማልማት «የቱን ዓይነት ልሥራ?» ብለህ የጠየቅከኝ ዕዳ ሆኖብኝ ከርሟል። ምርጫህ ሦስት ነው፦ የጠጠር መደብ፣ ተንሳፋፊ የፎም ሰሌዳ፣ ወይም ቀጭን ውሃ የሚፈስበት ቧንቧ።

ስሌቱን ከመኖው ጀምር፤ ዓሣው የበላው በኩሱ በኩል ተክሉን ይመግባልና። ለቅጠላ ቅጠል በካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ ይበቃል፤ ለ2 ካሬ ሜትር 100 ግራም ገደማ ማለት ነው። 50 ግራም ያለፈ ቲላፒያ በቀን የክብደቱን ከ1 እስከ 2 በመቶ ስለሚበላ፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዓሣ በ1000 ሊትር ውሃ ያዝ። ከዚያ በላይ አትጎምጅ።

ለአንተ የምመርጠው የጠጠር መደብ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠጠር የዓሣውን ኩስ ያጣራል፣ ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ተክሉ ወደሚመገበው ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎችም ያኖራል። ጠጠሩ ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። መጀመሪያ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነውና ተወው። የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ብረት ውሃው ውስጥ ቢኖርም ተክሉ መውሰድ ያቅተዋል። ሲፎን (መደቡ በውሃ ሲሞላ በራሱ ስቦ የሚያፈስ ቱቦ) ከገጠምክ የሚገባውን ውሃ በቧንቧ መዝጊያው አስተካክል፤ ሲያንስ ሲፎኑ ሳይነሳ ውሃው ዝም ብሎ ይንጠባጠባል፣ ሲበዛ ደግሞ መሳቡን አያቆምም።

በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የፎም ሰሌዳ ለብዙ ሰላጣ ግሩም ነው፤ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 25 ችግኝ ይይዛል። ግን ኩሱን የሚያዘቅጥ በርሜልና የባክቴሪያ ማጣሪያ ለብቻው ይፈልጋል። ያለ እነሱ ዝቃጩ ሥሩን ሸፍኖ ያፍነዋል፤ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል።

ቀጭን ውሃ የሚፈስበት ቧንቧ ቀላልና ውሃ ቆጣቢ ነው። በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት፣ ለአንድ ቧንቧ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ሥሩ ወዲያው ይደርቃል፤ ለጀማሪ አልመክረውም። በሦስቱም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ዓሣው አየር ያጥረዋልና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አይለይህ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓሣውን በመጀመሪያው ቀን ሲሞሉ ነው። ባክቴሪያው እስኪለምድ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ አሞኒያና ናይትራይት (አሞኒያው ናይትሬት ከመሆኑ በፊት የሚሆነው መርዛማ ነገር) ወደ ዜሮ ሲጠጉ ብቻ ዓሣ ጨምር። በኋላ አዳዲስ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ከሆነ የጎደለው ብረት ነው፤ ኪሌት የተደረገ (ተክሉ እንዲወስደው ሆኖ የተዘጋጀ) ብረት ጨምር። ፒኤች ከ6 በታች ከወረደ ባክቴሪያው ይደክማል፤ በውሃ የበረደ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) በባልዲ በጥብጠህ በጥቂት በጥቂቱ ጨምርና በየጊዜው ለካው።

የገንዳህን ልኬትና የፓምፑን ጉልበት ጻፍልኝ፤ የቧንቧውን ስፋት አብረን እናሰላዋለን።

ያንተው