ስለ ኤሌክትሮኒክ የእጅ ፍሬን ብልሽት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ማርቆስ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየተበራከቱ በመሆናቸው፣ የእጅ ፍሬኑ በአዝራር የሚሠራ መኪና የያዛችሁ ደንበኞቻችን የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራባችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ቤታችሁ ሆናችሁ ልታዩት የምትችሉትንና ልትነኩት የማይገባውን ለይተን መጻፍ ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

አዝራሩን ስትስቡ ትእዛዙ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ይደርስና፣ በብዙዎቹ መኪኖች በኋላ ጎማዎች ካሊፐር (ዲስኩን አቅፎ የሚይዘው የፍሬን ክፍል) ላይ የተገጠሙ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች በውስጣቸው ያለውን ብሎን አሽከርክረው ፒስተኑን በመግፋት ሸራውን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ዲስክ ጋር ያጣብቁታል። ብሎኑ በራሱ ወደ ኋላ ስለማይመለስ፣ አንዴ የያዘ ፍሬን ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም እንደያዘ ይቆያል። ባትሪው የሞተበት መኪና በግፊያም ሆነ በጉተታ አልንቀሳቀስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጉልበት መጎተት ሸራውንና ጎማውን ከማበላሸት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ስለሆነም ምርመራው ከባትሪው ይጀምር። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መኪናው ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ግን መቆጣጠሪያው ፍሬኑ ሳይበላሽ የብልሽት መብራት ሊያበራ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም ይህንኑ እንድታውቁልን እንፈልጋለን፤ የእጅ ፍሬናችሁ የሚሠራው በትልቁ ባትሪ ሳይሆን እንደ ሌላው መኪና ሁሉ በትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች ግን በምንም ምክንያት አትንኩ፤ የሚያልፍባቸው ኃይል ሕይወት ያጠፋል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ፊውዙን እዩ፤ ከተቃጠለም ተመሳሳይ አምፔር ባለው ብቻ ተኩት። ቀጥሎ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የእግር ፍሬን ስትረግጡ የኋላው የፍሬን መብራት መብራቱን ይመልከትላችሁ፤ አብዛኞቹ መኪኖች የእግር ፍሬን መረገጡን ካላወቁ የእጅ ፍሬኑን ስለማይለቁ፣ ጥፋቱ ከፔዳሉ ስር ካለችው ትንሽ ማብሪያ ሊሆን ይችላል። በክረምት ደግሞ ጭቃና ውኃ ወደ ካሊፐሩ የሚሄደውን ሽቦና መሰኪያውን ስለሚያዝግ፣ የተላጠ ሽቦ ወይም አረንጓዴ ዝገት እንዳለ መመልከት ይገባል። ለዚህ ሲባል መኪናው በክሪክ የሚነሳ ከሆነ ሜዳ ላይ ይቁም፣ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፣ ከስሩም የብረት ማቆሚያ ይግባ፤ የምትመረምሩትን ፍሬን ራሱን ተማምናችሁ ከመኪና ስር አትግቡ።

አጥብቀን የምንለምናችሁ ስለ ሸራ ቅያሪ ነው። በድሮው ልማድ ፒስተኑን በማጥበቂያ ብረት ገፍቶ መመለስ በዚህ ዓይነት ካሊፐር ላይ ብሎኑንና የሞተሩን ጥርስ ይሰብራል። ሞተሩ አስቀድሞ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ)፣ ወይም የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ቅደም ተከተል፣ ወደ ጥገና ሁኔታ ገብቶ መመለስ አለበት፤ ከሥራው በኋላም የሚይዝበት ልክ እንደገና መስተካከል አለበት። ይህ ሳይደረግ ጣቱን ካሊፐሩ ውስጥ ያስገባ ሰው፣ ሞተሩ ድንገት ቢነሳ ጣቱን ያጣል።

ብልሽት ሳይሆን ብልሽት የሚመስልም አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ድልድዩ አካባቢ ስታቆሙ ዲስኩ እጅግ የጋለ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርና መያዣው ስለሚላላ፣ ብዙ መኪኖች ከቆይታ በኋላ በራሳቸው መልሰው ያጠብቃሉ። መኪናው ጠፍቶ ሳለ ከኋላ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ይህ ነውና አትደንግጡ። በአንጻሩ አንዱ ጎማ ብቻ ከልክ በላይ ከጋለ፣ የሚቃጠል ሽታ ካለው ወይም አዝራሩ ሲሳብ ከአንዱ ጎን ድምፅ ከጠፋ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጋራዥ አምጡት።

እስኪጠገን ድረስ ዳገት ላይ አታቁሙት፤ ሜዳ ላይም ቢሆን ማርሹን በፒ ላይ አድርጋችሁ ወይም ማርሽ አስገብታችሁ ታኮ አድርጉለት። ወደ እኛ ስትመጡ መብራቱ መቼ እንደበራ፣ ዝናብ ወይም ቁልቁለት ቀድሞት እንደነበር ብትነግሩን ምርመራውን ያቀልልናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለሙያዎች